አሮጌው ኤርኮንዲሽነር በሌላ ጋዝ ይሠራልን?

በዚህ እትማችን የምናቀርበው ጽሑፍ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው።

በካኩማ አንድ፣ በኢትዮጵያውያኑ ገበያ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ከናይሮቢ ተጭኖ የመጣ፣ ያገለገለ ስፕሊት ኤርኮንዲሽነር አላቸው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ መሣሪያው ይጮኻል፣ ይነፍሳልም፤ ነገር ግን የሚነፍሰው አየር ከውጭው ሙቀት የማይሻል ሆነባቸው። ሦስት ፉንዲዎች ተጠሩ። አንደኛው፣ «በዚህ ውስጥ ያለው አር-22 የሚባል ጋዝ ነው፤ እየጠፋ ነው፤ ዋጋውም ተወዷል፤ ሌላ መሣሪያ ይግዙ» አለ። ሁለተኛው፣ «አር-410 የሚባል አዲስ ጋዝ አለ፤ እሱን እሞላልዎታለሁ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ይህን ሁሉ ወጪ ምን አመጣው? ወጥ የሚሠሩበትን የማብሰያ ጋዝ ልሙላበት፤ እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ ይቀዘቅዛል» አለ። እናታችን ግራ ቢገባቸው ወደ እኛ መጥተው፣ «እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁና ፍረዱኝ፤ ከሦስቱ እውነተኛው ማነው?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛ በካምፑ ትምህርት ቤት ሳይንስ የምናስተምር ስደተኞች ነን እንጂ የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያዎች አይደለንም። ስለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት በሙያው ብዙ ዓመት ከሠሩ ሁለት ወንድሞቻችን ጋር ተቀመጥን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ሦስቱም ፉንዲዎች ጥቂት ጥቂት እውነት ይዘው አገኘናቸው። የሦስተኛው ምክር ግን ሰው ሊገድል የሚችል ስለሆነ በሰፊው ልንጽፍበት ወደድን።

ጋዙ አያልቅም

ሁላችንም ጀሪካናችንን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ሥር እናስቀምጣለን፤ ውኃውም ይቀዘቅዛል። ይህ የሚሆነው ጆንያው ላይ ያለው ውኃ ሲተን ሙቀትን ከጀሪካኑ ነጥቆ ስለሚሄድ ነው። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርግ የሚሰማን ቅዝቃዜም ምክንያቱ ይኸው ነው። ኤርኮንዲሽነርና ፍሪጅም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ የሚተነው ነገር ወደ አየር እንዲጠፋ አለመተዉ ነው፤ ተይዞ፣ ተጨምቆ፣ እንደገና ፈሳሽ እንዲሆን ይደረጋል።

አር-22 በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ41 ዲግሪ ይፈላል። ክፍሉ ውስጥ ባለው ቱቦ ሲፈላ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ስቦ ይጨምቀውና ወደ ውጭው ክፍል ይልከዋል። እዚያ በግፊቱ ምክንያት ከውጭው አየር ይልቅ የሞቀ ስለሚሆን ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም እጅግ በቀጠነ ቱቦ አልፎ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ዙሩ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ጋዙ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል፣ እንደ ዘይት የሚያረጅ አይደለም። ቱቦው ካልተቀደደ ሃያ ዓመትም ይኖራል። «በየዓመቱ ጋዝ መሙላት ያስፈልጋል» የሚል ፉንዲ ካጋጠማችሁ፣ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይም በየዓመቱ ሊመጣ ይፈልጋል ማለት ነው። ጋዝ ጎደለ ማለት የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ያ ቦታ ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ፣ የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ በቀዳዳ ባልዲ ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ታዲያ አር-22 ለምን ይጠፋል?

በጥንቶቹ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይሞሉ የነበሩት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ነበሩ። ሲያፈሱ መርዝ ናቸው፤ በመኝታቸው የሞቱ ቤተሰቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 ቶማስ ሚድግሊ የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ የማይቃጠልና በቀላሉ የማይመርዝ ጋዝ ሠሩ። ሚድግሊ በ1930 በሳይንቲስቶች ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ ሻማ ላይ እፍ ሲል ሻማው ጠፋ፤ እሱም አልታመመም። አር-12 የተባለው ይህ ጋዝና ዘመዶቹ ፍሪዮን በሚለው የንግድ ስም ዓለምን አዳረሱ። አር-22ም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1974፣ ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እነዚህ ጋዞች ወደ ላይኛው አየር ወጥተው በፀሐይ ብርሃን ሲፈርሱ የሚለቁት ክሎሪን ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ጻፉ። አንዲት የክሎሪን አቶም ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ የኦዞን ሞለኪውሎችን ልታፈርስ ትችላለች። በ1985 ሽፋኑ በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ እጅግ መሳሳቱ ታወቀ። መንግሥታትም በመስከረም 1987 በሞንትሪያል ተስማሙ። የዚህ ስምምነት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚሁ ኬንያ፣ ናይሮቢ ውስጥ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

በስምምነቱ መሠረት አር-12 በሀብታም አገሮች እስከ 1995 ማብቂያ፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ እስከ 2010 ከምርት ወጣ። አር-22 ኦዞንን የሚጎዳው ከአር-12 በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ ጊዜ ተሰጠው። ሆኖም በታዳጊ አገሮችም ከ2013 ጀምሮ ባለበት እንዲቆም፣ ከዚያ በ2015 በ10 በመቶ፣ በ2020 በ35 በመቶ፣ በ2025 በ67.5 በመቶ እንዲቀነስ፣ በ2030 ደግሞ ለጥገና ከምትቀር ጥቂት መጠን በቀር እንዲያበቃ ተወሰነ። የመጀመሪያው ፉንዲ «እየጠፋ ነው» ያለው ስለዚህ እውነት ነው። የኦዞኑ ሽፋንም እየዳነ ነው፤ በ2023 የታተመው የሳይንቲስቶች ግምገማ በአብዛኛው ዓለም እስከ 2040 ገደማ፣ በአንታርክቲካ ላይ እስከ 2066 ገደማ ወደ 1980 ሁኔታው እንደሚመለስ ይገምታል።

በምትኩ የመጡት ክሎሪን የሌላቸው ጋዞች ኦዞንን አይነኩም፤ ነገር ግን ምድርን ያሞቃሉ። አንድ ኪሎ አር-410ኤ ወደ አየር ቢለቀቅ ሁለት ሺህ ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። በዚህም የተነሣ በ2016 በኪጋሊ ሌላ ስምምነት ተደርጎ እነርሱንም መቀነስ ተጀምሯል።

የትኛው ጋዝ ይተካዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ፉንዲ እንምጣ። አር-410ኤ በብዙ ዘመናዊ መሣሪያዎች ውስጥ ያለ ጥሩ ጋዝ ነው። ችግሩ ግፊቱ ነው። የውጭው ክፍል ቱቦ 45 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ይህም በእኛ ቆላ ዝቅተኛው ነው ማለት ይቻላል፣ አር-22 ወደ 17 ባር ሲደርስ አር-410ኤ ወደ 27 ባር ይደርሳል። ለ17 የተሠራን ኮምፕሬሰርና ቱቦ በ27 ማስጨነቅ መሣሪያውን መስበር ነው፤ ቱቦ ከፈነዳ ደግሞ አጠገቡ የቆመውን ይጎዳል። አር-410ኤ በአር-22 መሣሪያ ውስጥ ፈጽሞ አይሞላም። «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ለመተካት የተሠሩት ሌሎች ናቸው። ከእነርሱ ዋናው አር-407ሲ ነው። ግፊቱ ለአር-22 ይቀርባል፤ የማቀዝቀዝ ኃይሉም እንዲሁ። ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው የዘይት ነገር ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር እየዞረ መመለስ አለበት። በአር-22 መሣሪያ ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ከአር-407ሲ ጋር ስለማይዋሃድ በቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም ደርቆ ይነክሳል። ስለዚህ የቀድሞው ዘይት ተቀድቶ፣ ፖሊዮልኤስተር የሚባል ዘይት መግባት አለበት። የቀድሞው ዘይት ከ5 በመቶ በታች እስኪሆን ድረስ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀየራል። ይህ አዲሱ ዘይት እርጥበትን እንደ ጨው ይስባልና ክዳኑ ተከፍቶ አይቀመጥም። ሁለተኛው ጠባይ አር-407ሲ የሦስት ጋዞች ድብልቅ መሆኑ ነው። ሦስቱ በአንድ ዲግሪ አይፈሉም። ከሲሊንደሩ በእንፋሎት ከተቀዳ ቶሎ የሚተነው ቀድሞ ይወጣና ድብልቁ ይበላሻል። በመሆኑም ሁልጊዜ በፈሳሽነቱ፣ ቀስ እየተባለ ይሞላል።

ዘይት መቀየር ለማይመች መሣሪያ አር-422ዲ እና አር-438ኤ የተባሉ ድብልቆች አሉ። በውስጣቸው ያለች ጥቂት ሃይድሮካርቦን የማዕድኑን ዘይት ወደ ኮምፕሬሰሩ እንዲመለስ ታግዘዋለች። የማቀዝቀዝ ኃይል ግን ትንሽ ይቀንሳል፤ እንደ ቱርካና ባለ ሙቀት ደግሞ ትንሿም ትታወቃለች።

ወንድሞቻችን ቴክኒሺያኖች ግን ከሁሉ በፊት ያሉን ሌላ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ከሆነ፣ የሚያፈሰው ቦታም ከተገኘ፣ አር-22 እስካለ ድረስ በአር-22 ማቆየት ከመተካት ይሻላል። መተካት የሚገባው አር-22 ሲታጣ ወይም ዋጋው ከሥራው ሲበልጥ ነው። ኮምፕሬሰሩ የተቃጠለ፣ ዘይቱም ጠቁሮ የሚከረፋ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፉንዲ ትክክል ነው።

የማብሰያ ጋዝ

ሦስተኛው ፉንዲ ያለው ውሸት አይደለም፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ፕሮፔን፣ በሙያው ስሙ አር-290፣ እጅግ ጥሩ የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። በ42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይፈላል፤ ይህም ከአር-22 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከማዕድን ዘይት ጋር ይስማማል። ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን የሚያሞቀውም እጅግ በጥቂቱ ነው። በሕንድ ጎድሬጅ የተባለው ፋብሪካ ከ2012 ጀምሮ በፕሮፔን የሚሠሩ ኤርኮንዲሽነሮችን ሲሸጥ ቆይቷል። እነዚያ ግን ከመጀመሪያው ለዚያው ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የጋዛቸው መጠን የተወሰነ፣ ብልጭታ የሚሰጥ ማብሪያ ማጥፊያቸው የተሸፈነ፣ ማስጠንቀቂያም የተለጠፈባቸው። የእናታችን መሣሪያ እንዲህ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለአር-22 በተሠራ ኤርኮንዲሽነር ውስጥ ፕሮፔን እንዳይሞላ በ2013 ያስጠነቀቀውም ለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ የማብሰያው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ንጹሕ ፕሮፔን አይደለም። ቡቴን የተቀላቀለበት፣ የሚሸት ነገር የተጨመረበት፣ እርጥበትም ሊኖርበት የሚችል ነው። ቅልቅሉም ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል።

ሒሳቡን ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ጋር ሠርተነዋል፤ እናንተም አብራችሁን ሥሩ። የመሣሪያው መለያ ሰሌዳ 800 ግራም አር-22 ይላል። ፕሮፔን ቀላል ስለሆነ የሚገባው 40 በመቶ ያህል፣ ማለትም 320 ግራም ነው። ፕሮፔን ለመቀጣጠል በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ 38 ግራም ያህል ይበቃዋል። የምግብ ቤቱ ጓዳ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል። እስከ ግማሽ ሜትር ከፍታ ብንቆጥር 4.5 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በ38 ስናባዛው 171 ግራም። ስለዚህ በመሣሪያው ውስጥ ካለው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ቢያፈስ ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለው አየር ሁሉ ሊቀጣጠል ይበቃል ማለት ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ምን አለ? የቡናው ከሰል ምድጃ አለ። ማታ ደግሞ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው የሚተኙ ልጆች አሉ።

አደጋው ባለቤቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ዘንድ ተምሮ የወጣ አንድ ልጅ በአንድ ሱቅ የነበረ ፍሪጅ ሊጠግን ሄደ። ቀድሞ የጠገነው ሰው የማብሰያ ጋዝ ሞልቶበት፣ ምንም ምልክት ሳይጽፍ ሄዷል። መለያ ሰሌዳው የሚለው አር-134ኤ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቀጣጠልም። ልጁ ሰሌዳውን አምኖ ቱቦውን በብየዳ እሳት ሊፈታ ሲል ነበልባሉ ፊቱና ሁለት እጁ ላይ ወጣ። ዓይኑ ተርፏል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖን፣ ታሪኩን ግን እንድንጽፍ ፈቅዷል። በዕለቱ ጋዙ ለምን እንዳልሸተተው ጠይቀነው ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ኬሮሲን ይቸረቸር ስለነበር ሁሉም ነገር ይሸት ነበር አለን።

የማይቀጣጠሉት ጋዞችም ቢሆኑ ለእሳት አይሰጡም። አር-22 ነበልባል ሲነካው ፈርሶ የሚያቃጥል አሲድና ፎስጂን የተባለ መርዝ ይሰጣል። ጋዙ በደንብ ሳይወጣ ቱቦ መበየድ፣ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሥራት አይገባም።

ስለ ሐሰተኛ ጋዝ አንድ ቃል እንጨምር። በ2011 በወደብ ላይ የነበሩ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው በቬትናምና በብራዚል ሠራተኞች ሞተዋል። አር-134ኤ ተብሎ የተሸጠው ጋዝ ውስጥ ሜቲል ክሎራይድ ተቀላቅሎበት ተገኘ፤ ይኸውም ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ አየር ሲነካው በራሱ የሚነድ ነገር ይፈጥራል። የሲሊንደሩ ቀለም ዋስትና አይሆንም፤ ቀለም ማንም ይቀባል። እጅግ የረከሰ ጋዝ ሲያቀርቡላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ሥራው እንዴት መሠራት አለበት?

ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ሊያይ የሚገባውን እንጽፋለን፤ ፉንዲው ሥራውን ያውቀዋልና። መጀመሪያ የቀረው ጋዝ ወደ ባዶ ሲሊንደር ይሰበሰባል እንጂ ወደ አየር አይለቀቅም። ከዚያ መሣሪያው በናይትሮጂን ግፊት ተሞልቶ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። ናይትሮጂን ስለጠፋ ብሎ ኦክስጅን የሚያስገባ ቢኖር ከአጠገቡ ሽሹ፤ ኦክስጅንና የኮምፕሬሰር ዘይት በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉ። ማፍሰሻው ሲደፈን የማድረቂያው ፊልተር በአዲስ ይቀየራል፣ ካስፈለገም ዘይቱ።

ቀጥሎ ቫክዩም ይሳባል። እዚህ ላይ ብዙ ፉንዲዎች ይቸኩላሉ። አምስት ደቂቃ አስነሥተው ያጠፉታል፤ ወይም ጭራሽ ፓምፕ የላቸውምና በጋዙ ራሱ አየሩን «ያጥቡታል»። ፓምፑ የሚያወጣው አየሩን ብቻ አይደለም፣ ውኃውንም ነው። ግፊቱ ከተለመደው ወደ 3 በመቶ ሲወርድ ውኃ በ25 ዲግሪ ይፈላል፤ ተንኖም ይወጣል። ጊዜ ይፈልጋል። ውስጥ የቀረ እርጥበት በቀጭኑ ቱቦ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፣ ከዘይቱም ጋር አሲድ ይሆናል። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ጌጁ ባለበት ከቆመ መልካም ነው፤ ከተመለሰ ገና የሚያፈስ ወይም እርጥብ አለ።

በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ይገባል። የሽንኩርት ሚዛንም ቢሆን ከግምት ይሻላል። በአር-407ሲ ለተተካ መሣሪያ ከቀድሞው ክብደት 90 በመቶ ያህል ተሞልቶ፣ እየታየ ይጨመራል።

የድሮ መኪና ያላችሁም ሥርዓቱ ይህንኑ ይመስላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት መኪኖች በአር-12 ይሠሩ ነበር፤ ወደ አር-134ኤ ሲዞሩ ዘይቱ፣ ማድረቂያውና የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹ ይቀየራሉ፤ የመሙያው አፍም በአዲሱ ዓይነት ይተካል። የሚሞላው ከቀድሞው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው።

የእናታችን መሣሪያ ምን ሆነ ለምትሉ፣ የሚያፈሰው በውጭው ክፍል፣ የመዳብ ቱቦው በዳዶ ከሚታሰርበት ቦታ ነበር። ቱቦው ጫፉ ተሰንጥቆ ተገኘ። ተቆርጦ እንደገና ጫፉ ተከፈተ፣ ታሰረ፣ ቫክዩም ተሳበ፤ ከሎድዋር የተገኘ አር-22 በሚዛን ገባ። በመሣሪያው ጎን ላይ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ የጻፍነው ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል፤ የጋዙ ስም፣ ክብደቱ፣ የተሞላበት ቀንና የሞላው ሰው አለበት። ተመሳሳይ ወረቀት የምትፈልጉ ባለ ሱቆችና ፉንዲዎች ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ብትመጡ ያለ ዋጋ እንጽፍላችኋለን። መሣሪያችሁ ውስጥ የማብሰያ ጋዝ መኖሩን የምታውቁም ኑ፤ ማን እንደሞላው አንጠይቅም።